ከዳታቤዙ እንጀምር

አዲስ መተግበሪያ ለመሥራት የተነሳ ወጣት ባለሙያ ዛሬ ምክር ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው። «ከሰርቨር ጋር ምን ያታግልሃል? ኮድህን በሰርቨርለስ ፈንክሽን ጻፈው፤ ዳታቤዙንም ክላውድ ኩባንያው ያስተዳድርልህ። ተጠቃሚ ሲበዛ በራሱ ይሰፋል፤ ተጠቃሚ ሲጠፋ ምንም አትከፍልም።» ምክሩ በሥልጠና ቦታ ይሰጣል፣ በሥራ ቃለ መጠይቅ ይደገማል፣ በስታርታፕ ስብሰባ ላይ ያለ ክርክር ያልፋል። የሚቃወም ሰው ከተገኘም ጊዜው እንዳለፈበት ይቆጠራል።

እኔ እቃወማለሁ። መረጃውን በፖስትግሬስ ወይም በማይኤስኪውኤል ለሚያስቀምጥ ተራ መተግበሪያ፣ ማለትም ለአብዛኛው ሥራችን፣ ሰርቨርለስ ፈንክሽን የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ቴክኖሎጂው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በደንብ የሚሠራበት ቦታ አለው፣ እሱንም አነሳለሁ። ጥፋቱ ያለው ምክሩ ኮዱን ብቻ ማየቱ ላይ ነው። የደንበኛው ትእዛዝ፣ የሒሳቡ ቀሪ፣ የታካሚው መዝገብ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ ዳታቤዙ እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠየቅ ግን ንድፉ ተሠርቶ ያልቃል።

አመለካከቱ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። አማዞን ላምዳን፣ ጥያቄ ሲመጣ ብቻ ኮድ የሚያስነሳውን የሰርቨርለስ አገልግሎቱን፣ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ነው፤ ጉግልና ማይክሮሶፍትም ተከተሉ። በፌብሩዋሪ 2019 በካሊፎርኒያ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ ሰርቨርለስ የክላውድ ዘመን ዋነኛ አሠራር እንደሚሆንና ነባሩን በአብዛኛው እንደሚተካ ተነበዩ። ይህ ትንቢት በየመድረኩ ተደጋገመ። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ሄለርስታይንና ባልደረቦቹ ከአንድ ወር በፊት በአንድ የዳታቤዝ ምርምር ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ጽሑፍ ግን ብዙም አልተወራለትም። እነሱ ያሉት ፈንክሽኖቹ ዕድሜያቸው አጭር፣ ከመረጃው የራቁ፣ እርስ በርስ በቀጥታ መነጋገር የማይችሉ ስለሆኑ ለመረጃ ሥራ ወደ ኋላ የሚመልሱ ናቸው የሚል ነው። ትንቢቱን ይዘነው ቀረን፤ ማስጠንቀቂያው ተረሳ።

ማስጠንቀቂያው ትክክል የሆነበትን ምክንያት ለማየት የፖስትግሬስን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1986 በዚያው በበርክሊ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ተጀመረ። እስከ ዛሬም አንድ ደንበኛ በተገናኘ ቁጥር ለእሱ ብቻ አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ይከፍታል። ግንኙነቱ እስኪዘጋ ያ ፕሮሰስ ሚሞሪ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ግንኙነት ገደብ አለው። የፖስትግሬስ መደበኛ ጣሪያ 100 ሲሆን ከእሱም ላይ ጥቂቱ ለአስተዳዳሪው ይያዛል፤ የማይኤስኪውኤል 151 ነው። አማዞን በአርዲኤስ የዳታቤዝ አገልግሎቱ ጣሪያውን የሚወስነው የማሽኑን ሚሞሪ በባይት ወስዶ፣ ለፖስትግሬስ ከሆነ ለ9,531,392 በማካፈል ነው። 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ላለው ትንሽ ማሽን ውጤቱ ወደ 112 ይደርሳል፤ ሲስተሙ ለራሱ የሚይዘው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ግንኙነት መክፈትም በነጻ አይገኝም። መጀመሪያ ሁለቱ ማሽኖች በኔትወርኩ ይተዋወቃሉ፤ ቀጥሎ የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉ ይረጋገጣል፤ ማረጋገጫው ሆን ተብሎ እንዲከብድ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ስሌት ይሠራበታል። በመጨረሻ አዲሱ ፕሮሰስ ይፈጠራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ምናልባት በ2 ሚሊሰከንድ የሚያልቅ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው። ለዚህም ነው ነባሩ አሠራር ኮኔክሽን ፑል የሚጠቀመው፦ አንድ የማይቋረጥ ፕሮግራም አሥር ወይም ሃያ ግንኙነት አስቀድሞ ይከፍትና ለመጣው ጥያቄ ሁሉ እየተቀባበለ ያገለግልባቸዋል።

አሁን ፈንክሽኑን እንየው። በላምዳ መደበኛ አሠራር አንድ የፈንክሽን ቅጂ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛ ጥያቄ ከመጣ ሁለተኛ ቅጂ ይነሳል። ቅጂዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም፤ ፑል የሚጋሩበት መንገድም የላቸውም። ስለዚህ ሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቅጂ ቢያንስ አንድ ግንኙነት ይይዛል። የአንድ አካውንት መደበኛ ጣሪያ በአንድ ሪጅን 1000 ቅጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አንድ ፈንክሽን በየ10 ሰከንዱ እስከ 1000 ቅጂ ሊጨምር ይችላል። በአንድ በኩል 1000፣ በሌላ በኩል 112። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የንድፉን ስህተት ለማየት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

«ነገር ግን የእኛ ትራፊክ ያን ያህል አይደለም» የሚሉ አሉ። እንግዲያው በመጠነኛ ትራፊክ እናስላው። አንድ የኮንሰርት ትኬት የሚሸጥ መተግበሪያ በሰከንድ 200 ጥያቄ ይደርሰዋል እንበል፤ አንዱን ለመጨረስ 50 ሚሊሰከንድ ይበቃል። 200 ሲባዛ በ0.05 ውጤቱ 10 ነው፤ በማንኛውም ቅጽበት ሥራ ላይ ያሉት አሥር ቅጂዎች ብቻ ናቸው፤ ዳታቤዙም ደህና ነው። በዚህ መሃል አንድ የቢሮ ሠራተኛ የወሩን የሽያጭ ሪፖርት ይከፍታል። ሪፖርቱ ኢንዴክስ በሌለው ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ስለሚሮጥ ዳታቤዙ ይጨናነቅና እያንዳንዱ ጥያቄ ከ50 ወደ 500 ሚሊሰከንድ ይረዝማል። የተጠቃሚው ቁጥር አልጨመረም። ሥራ ላይ የሚሆኑት ቅጂዎች ግን 200 ሲባዛ በ0.5፣ ማለትም 100 ይሆናሉ። ዘጠና አዲስ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ የመክፈቱ ሸክም ያንኑ የተጨናነቀ ዳታቤዝ ይጫነዋል፤ ጥያቄው ወደ 1 ሰከንድ ይረዝማል፤ 200 ቅጂ ይነሳል። በዚህ ጊዜ ጣሪያው ታልፏል፤ ዳታቤዙ አዲስ የመጣውን ሁሉ ይመልሳል። ሪፖርቱን ያስነሳው ሠራተኛ ገጹን ቢዘጋም ነገሩ ወዲያው አይረጋም፤ የተመለሱት ተጠቃሚዎች ደግመው ይሞክራሉና።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ነገር ልብ ይባል። ፈንክሽኑ የሰፋው ሥራ ስለበዛ አይደለም፤ ዳታቤዙ ስለደከመ ነው። ዳታቤዙ በደከመ ቁጥር የበለጠ ይጫነዋል። ወፍጮው አንድ ሆኖ ሳለ የወፍጮ ቤቱን በር ቢያበዙ እህሉ ቶሎ አይፈጭም፤ ግርግሩ ብቻ ነው የሚበዛው። አንድ ፕሮግራምና አሥር ግንኙነት ያለው ፑል ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ተጠቃሚዎች ወረፋ ይይዙ ነበር፤ ጥቂቶቹም ሰዓቱ አልፎባቸው ስህተት ያዩ ነበር። ዳታቤዙ ግን አሥር ሥራ እየሠራ ይቆማል፤ ባለሙያው ገብቶ የትኛው ጥያቄ እንደሚያስቸግር ያያል፤ ያቋርጠዋል፤ ወረፋውም ይቃለላል። ወረፋ ጉድለት አይደለም። ውስን አቅም ላለው ነገር የተሠራ መከላከያ ነው። ሰርቨርለስ ይህን መከላከያ አንስቶ «በራሱ ይሰፋል» በሚል ተስፋ ተካው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የመጀመሪያው መከራከሪያ «ግንኙነቱን ከፈንክሽኑ አካል ውጭ ክፈተው፤ ቅጂው በሚቀጥለው ጥያቄም ይጠቀምበታል» የሚል ነው። ምክሩ በራሱ ልክ ነው፤ የመክፈቻውን ጊዜ ይቀንሳል። የግንኙነቱን ብዛት ግን አይቀንስም። እንዲያውም ሌላ ጣጣ ያመጣል። አንድ ቅጂ ጥያቄውን ሲጨርስ ላምዳ ያቀዘቅዘዋል፤ ፕሮሰሰር አያገኝም። ኮዱ ውስጥ «ሥራ የፈታ ግንኙነት ከ10 ሰከንድ በኋላ ይዘጋ» ተብሎ የተጻፈው ሰዓት ቆጣሪም አብሮ ይቆማል። ግንኙነቱ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ዳታቤዙ ግን ደንበኛው አሁንም እንዳለ ይቆጥራል። በዚህ የተቸገረ ሰው የፖስትግሬስን የግንኙነት መዝገብ ሲከፍት የሚያየው አንድ ነው፦ ሥራ ፈት የሚል ምልክት ያለባቸው መስመሮች ተደርድረው፣ የመጨረሻ ጥያቄያቸው ከደቂቃዎች በፊት ያለቀ፣ ባለቤታቸው የማይመለስ። ፖስትግሬስ ከ14ኛው ዕትም ጀምሮ እንዲህ ያሉትን በራሱ የሚያቋርጥበት ቅንብር አለው፤ ግን ማንም ካላነቃው ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የበረታው ነው፦ «በመሃል ፕሮክሲ አስገባ።» እውነት ነው፤ ፒጂባውንሰር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ የአማዞኑ አርዲኤስ ፕሮክሲም ከጁን 2020 ጀምሮ ይህን ሥራ ይሠራሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ደንበኞችን ተቀብለው በጥቂት ግንኙነቶች ወደ ዳታቤዙ ያስተላልፋሉ። ሥራቸውን አላናንቅም። ግን ምን እንዳደረግን እንመልከት። ፕሮክሲው ሌት ተቀን የሚሠራ ነገር ነው፤ ተጠቃሚ ኖረም አልኖረም ይከፈልበታል። አርዲኤስ ፕሮክሲ የሚያስከፍለው ቢያንስ በ2 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ልክ ስለሆነ በአሜሪካ ሪጅን በወር ወደ 22 ዶላር ይደርሳል። ሰርቨር ላለመያዝ ብለን ሄደን ሰርቨር ተከራየን፤ የተከራየነውም በማንኛውም ተራ ፕሮግራም ውስጥ በሦስት መስመር ኮድ የሚገኘውን ፑል ለማግኘት ነው።

ገደቡም አለ። ፕሮክሲ አንድን ግንኙነት ለብዙዎች የሚያካፍለው ከአንዱ ትራንዛክሽን ወደ ሌላው እያሻገረ ነው። መተግበሪያው ግንኙነቱ ላይ የራሱን ቅንብር ከለወጠ ወይም ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ከፈጠረ አርዲኤስ ፕሮክሲ ያንን ግንኙነት ለዚያ ደንበኛ ብቻ አስሮ ይይዘዋል፤ ማካፈሉ ይቀራል። ፒጂባውንሰር በዚህ የማሻገር ዘዴው አስቀድመው የተዘጋጁ ጥያቄዎችን በወጉ መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ለብዙ ዓመት ባለሙያዎች ምክንያቱ የማይገባቸው ስህተት ሲያሳድዱ የኖሩት ከዚህ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ በኤችቲቲፒ የሚጠየቅ ወይም ራሱ ሰርቨርለስ የሆነ ዳታቤዝ ተጠቀም የሚል ነው። የአማዞኑ ዳይናሞዲቢ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው፤ የግንኙነት ጣሪያ የለበትም፤ ከላምዳ ጋርም በእውነት ይስማማል። ግን ሠንጠረዦችን አገናኝቶ መጠየቅ አይቻልበትም፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ አስቀድመው ታውቀው መረጃው በእነሱ ልክ መቀመጥ አለበት። በየሳምንቱ አዲስ ሪፖርት ለሚጠይቅ ንግድ ይህ ከባድ ዋጋ ነው። የአማዞኑ አውሮራ ሰርቨርለስ ሁለተኛ ዕትም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ሥራ ሲያጣ ሙሉ በሙሉ መተኛት ይችላል፤ ሲነቃ ግን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ወደ 15 ሰከንድ ይጠብቃል። ከፊቱ አርዲኤስ ፕሮክሲ ከተተከለ ደግሞ ፕሮክሲው ግንኙነት ከፍቶ ስለሚይዝ ዳታቤዙ ጨርሶ አይተኛም። ለአንዱ ችግር የታዘዘው መድኃኒት የሌላውን ያከሽፋል።

የኔትወርኩን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ ጉዳቱ ከፍጥነትም ከገንዘብም በላይ ነውና። ዳታቤዝ መቀመጥ ያለበት ከኢንተርኔት በተዘጋ የግል ኔትወርክ ውስጥ ነው። ላምዳ ወደዚያ እንዲደርስ ከተደረገ ግን ወደ ኢንተርኔት መውጫ ያጣል፤ የክፍያ ድርጅት ወይም የኤስኤምኤስ አገልግሎት መጥራት አይችልም። መውጫውን ለመክፈት የሚገዛው ናት ጌትዌይ በአሜሪካ ሪጅን በሰዓት 0.045 ዶላር፣ በወር ወደ 33 ዶላር ያስወጣል፤ የሚያልፍበት ዳታ ለብቻው ይከፈልበታል። ይህ ወጪ የከበደው ወይም ቅንብሩ ያልገባው ጀማሪ ምን ያደርጋል? ዳታቤዙን ለሕዝብ ኢንተርኔት ይከፍተዋል። ላምዳ ቋሚ አድራሻ ስለሌለው ደግሞ የመግቢያ ደንቡ ላይ 0.0.0.0/0 ብሎ ይጽፋል፤ ትርጉሙ «ከዓለም ዙሪያ ማንም ይምጣ» ነው። ከዚያ በኋላ በሰው ስም፣ ስልክና ሒሳብ ላይ የቀረው አጥር አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ይህን ያደረገውን ልጅ ስንፍናው ነው ብዬ አልወቅስም። በዚህ መንገድ እንዲሄድ መክረነው መንገዱ የሚጠይቀውን ያልነገርነው እኛ ነን።

አሁን «ምንም አትከፍልም» የተባለውን እንደምረው። ናት ጌትዌዩ ወደ 33፣ ፕሮክሲው ወደ 22፣ አንድ ላይ 55 ዶላር፤ ዳታቤዙ ገና አልተቆጠረም። በላዩ ላይ ላምዳ የሚቆጥረው የቆየበትን ሚሊሰከንድ ስለሆነ ፈንክሽኑ ዳታቤዙን ሲጠብቅ የሚያጠፋው ጊዜም ይከፈልበታል። ከዳታቤዙ ጎን ተቀምጣ ፑል ይዛ ይህንኑ መተግበሪያ የምታስተናግድ አንዲት ትንሽ ማሽን ኪራይዋ ብቻ በዚያው ሪጅን በወር ከ6 ዶላር ብዙም አይርቅም። ይህ ልዩነት ለአሜሪካ ስታርታፕ ቀላል ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን በዶላር ለሚከፍል የአዲስ አበባ ስታርታፕ ግን ቀላል አይደለም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል።

የተቃራኒውን ወገን ትልቁን ሐሳብ አልሸሽም። «ያቺን ማሽን ማን ይጠብቃታል? የደኅንነት ማስተካከያ ማን ይጭናል? ሌሊት ብትወድቅ ማን ያነሳታል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ወደ ፈንክሽን ብቻ አይወስድም። የጉግል ክላውድ ረን ወይም የአማዞን ፋርጌት ኮንቴነር ተቀብለው ማሽኑን ራሳቸው ይጠብቃሉ። ክላውድ ረን ላይ አንድ ቅጂ በመደበኛ ቅንብሩ እስከ 80 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ይችላል፤ ስለዚህ ፑል ትርጉም ይኖረዋል፤ የቅጂውን ብዛት በሦስት ወይም በአራት መገደብም ይቻላል። ቅጂ ሲባዛ በፑል መጠን ከዳታቤዙ ጣሪያ በታች እስከሆነ ድረስ ሌሊቱን በሰላም ማደር ይቻላል። ማሽን ከመጠበቅ ለመገላገል አንድ ጥያቄ ለአንድ ቅጂ የሚለውን አሠራር መቀበል ግዴታ አይደለም።

ፈንክሽኖች ድንቅ የሚሆኑበት ቦታ አለ። የተጫነ ፎቶ ማሳነስ፣ በቀን አንዴ የሚላክ ማስታወሻ፣ ከወረፋ እያነሱ በተገደበ ብዛት የሚሠራ ሥራ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ የሚጠራ አገልግሎት፦ እነዚህን ለመሥራት ሙሉ ማሽን መክፈት አያስፈልግም። ከዚያ ሲያልፍ ግን የሠሩትም ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአማዞኑ ፕራይም ቪዲዮ አንድ ቡድን የምስል ጥራት መቆጣጠሪያውን በሰርቨርለስ ክፍሎች ከተበታተነ አሠራር ወደ አንድ ፕሮሰስ ሰብስቦ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ መቀነሱን ይፋ አድርጓል። የእነሱ ችግር የዳታቤዝ ግንኙነት አልነበረም፤ ሥራን መበታተን በየመገናኛው ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን ያሳያል። ላምዳን የሠራው ድርጅት ውስጥ ያለ ቡድን ይህን ካደረገ፣ እኛ «ሁሉም ሥራ ወደ ፈንክሽን» የምንልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ቀድሞ ገብቶበት መውጣት ለማይችል ሰው የምለው አለ። ለፈንክሽኑ የተወሰነ የቅጂ ጣሪያ ስጠው፤ ጣሪያውም ዳታቤዙ ከሚችለው በታች ይሁን። በኮዱ ውስጥ ያለውን የፑል መጠን አንድ አድርገው፤ አንድ ቅጂ ከአንድ ግንኙነት በላይ አይጠቅመውም። ሥራ የፈቱ ግንኙነቶችን የሚያቋርጠውን ቅንብር አንቃ። የግንኙነቱን ብዛት የሚያሳየውን ግራፍ በየቀኑ ተመልከት፤ ጣሪያው ሰባ በመቶ ሲሞላ የሚጮህ ማንቂያም አድርግበት። ሪፖርቶችን ከዋናው ዳታቤዝ አውጥተህ ለንባብ ብቻ በተዘጋጀ የዳታቤዙ ቅጂ ላይ አሂዳቸው።

ለሚያሠለጥኑና ለሚቀጥሩ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ተማሪው ፈንክሽን በአሥር ደቂቃ መጫን ሲችል እናጨበጭብለታለን፤ ግንኙነት ምን እንደሆነ፣ ትራንዛክሽን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ዳታቤዙ ስንት ደንበኛ እንደሚችል ግን አንጠይቀውም። መሣሪያዎቹ በየሦስት ዓመቱ ይለወጣሉ። ፖስትግሬስ ግን ወደ 40 ዓመት ተጠግቶም እየሠራ ነው፤ ስለ እሱ የተማሩት ነገር አያረጅም። መጀመሪያ ይህን አስተምሩ፤ ቃለ መጠይቁም ከዚህ ይጀምር።

ንድፍ ስትጀምሩ ከየትኛውም የክላውድ አገልግሎት በፊት ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ዳታቤዛችሁ ስንት ግንኙነት ይችላል፤ መተግበሪያችሁ በክፉ ቀን ስንት ግንኙነት ይከፍታል? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ ንድፉን አሁኑኑ ቀይሩት።